«እኛ» እና «እነርሱ»፤ ስለ ወገንተኝነት አነሣሥ

ሁለት ወገኖች ሲጣሉ ባየን ጊዜ «በምን ተጣሉ?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በመሬት፥ በውሃ፥ በሹመት የሚነሣው ጠብ ብዙ ነውና። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፥ ገና ምንም የሚጣሉበት ነገር ሳይኖር ሰው ለወገኑ ማድላት ይጀምራልን? የሚል ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት በዚህ ነገር ላይ ያደረጉትን ምርምር፥ ይልቁንም ለኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመውን፥ ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በትውልዱ የቱርክ ሰው የሆነው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ፥ ሮበርስ ኬቭ በተባለ መናፈሻ ውስጥ 22 ልጆችን ሰበሰበ። ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ ነው። ሁሉም ነጮች፥ ሁሉም ፕሮቴስታንቶች፥ ሁሉም ኑሮው መካከለኛ ከሆነ ቤተ ሰብ የመጡ፥ አስቀድሞም የማይተዋወቁ ነበሩ። እንዲህ ተመሳሳይ እንዲሆኑ የተደረገው ታስቦበት ነው፤ ኋላ ጠብ ቢነሣ በዘር ነው፥ በሃይማኖት ነው፥ በሀብት ነው ለማለት እንዳይቻል። ሸሪፍ ልጆቹን እኩል ለሁለት ከፍሎ፥ አንዱ ቡድን የሌላውን መኖር ሳያውቅ አንድ ሳምንት ያህል ለየብቻ አኖራቸው። ከዚያም ዋንጫ፥ ሜዳይና ሰንጢ የሚያሸልም ውድድር አደረገላቸው። አንዱ ቡድን ራሱን «ንስሮች»፥ ሁለተኛው «እባቦች» ብሎ ሰይሞ ነበር። ወዲያው ስድብ ተጀመረ። ንስሮቹ የእባቦቹን ሰንደቅ አቃጠሉ፤ እባቦቹም በተራቸው የንስሮቹን ማደሪያ ወርረው ዕቃቸውን በታተኑ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የባቄላው ነገር ነው። ልጆቹ በሣር ላይ የተበተነ ባቄላ እንዲለቅሙ ተደረገ። ቀጥሎ «እገሌ የለቀመው ይህ ነው» እየተባለ በሥዕል ሲታያቸው፥ የሚታየው ሁልጊዜ ያው 35 ፍሬ ነበር። የራሳቸው ቡድን ልጅ የለቀመው ነው ሲባሉ በዝቶ፥ የባላጋራቸው ነው ሲባሉ አንሶ ታያቸው። ዐይን ራሱ ያደላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ፥ ልጆቹን ያጣላቸው ውድድሩና ሽልማቱ እንጂ መከፈሉ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይህን የፈተነው ሄንሪ ታጅፌል ነው። ታጅፌል በ1919 በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ተሰልፎ በጀርመኖች እጅ ወደቀ። በምርኮ ሳለ የፈረንሳይ እንጂ የፖላንድ አይሁዳዊ መሆኑን አልገለጸም፤ ነፍሱም በዚህ ተረፈች። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ዘመዶቹ አልቀው ነበር። የወገን ስም ምን ያህል እንደሚመዝን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው አልነበረም።

በኋላ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ሲያስተምር፥ ካንድ ትምህርት ቤት 14ና 15 ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች አስመጣ። ነጠብጣቦችን ለቅጽበት አሳይቶ ስንት እንደ ሆኑ አስገመታቸው፤ «እናንተ አብዝታችሁ ትገምታላችሁ፥ እናንተ አሳንሳችሁ» ብሎም ለሁለት ከፈላቸው። አከፋፈሉ ግን በእውነቱ በዕጣ ያህል ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ለሌሎች ሁለት ልጆች ጥቂት ሳንቲም እንዲያካፍል ተነገረው። ለራሱ ምንም አይወስድም። የሚያካፍላቸውም ልጆች እነማን እንደ ሆኑ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቍጥራቸውንና ወገናቸውን ብቻ ነው። ጠብ የለ፥ ታሪክ የለ፥ ትውውቅ የለ። ነገር ግን ብዙዎቹ ለወገናቸው አደሉ።

በሁለተኛው ሙከራ፥ ልጆቹ የሁለት ሠዓሊዎችን ሥዕል በመምረጥ ተከፈሉ ተብሎ፥ የሚከተለው ዐይነት ምርጫ ቀረበላቸው። በአንዱ ጫፍ ለወገንህ 19፥ ለሌላው 25 ትሰጣለህ፤ በመካከል ለሁለቱም 13፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ ለወገንህ 7፥ ለሌላው 1 ብቻ። ወገኑን መጥቀም የሚፈልግ ሰው 19ኙን ይመርጣል። ልጆቹ ግን ለወገናቸው ያነሰ፥ ከሌላው ግን የበለጠ ወደሚሰጠው ጫፍ አዘነበሉ። እርግጥ ነው፥ እኩል የማካፈል ስሜትም ይጎትታቸው ነበር፤ ፍርድን ጨርሰው አልጣሉም። ቢሆንም የወገናቸውን ጥቅም በወገናቸው ብልጫ መለወጣቸው ሊያስደነግጠን ይገባል። ወገንተኝነት ሁልጊዜ የጥቅም ስሌት ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን ሠንጠረዥ ቢያስቡበት መልካም ነው።

መድኀኒቱስ? «አቀራርቧቸው፥ ይዋደዳሉ» የሚለው ምክር በየስብሰባው ይሰማል። ሸሪፍ ይህንኑ ሞክሮ ነበር፤ ንስሮችንና እባቦችን ባንድ አዳራሽ ቢያበላቸው ምግብ ተወራወሩ። የኛም ዩኒቨርሲቲዎች ከየክልሉ የመጣነውን ባንድ አዳራሽ ያስተምሩናል፥ ባንድ ካፊቴሪያ ያበሉናል። በ2012 ዓ.ም. (በኛ አቈጣጠር) መጀመሪያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሲሞቱና ሌሎች ትምህርታቸውን ጥለው ሲሄዱ ካፊቴሪያው አልከለከለም። በኦክላሆማ ጠቡን ያበረደው አንዱ ቡድን ብቻውን የማይወጣው ሥራ ነበር። የመጠጥ ውሃ ተቋረጠ፤ ሁሉም ተጠሙና አብረው ጠገኑ። ምግብ የሚያመጣ መኪና አልነሣ አለ፤ አስቀድሞ በጉተታ በተፋለሙበት ገመድ አብረው ሳቡት። ደግሞም ባንድ ቀን አልሆነም፤ ከመጀመሪያው የጋራ ሥራ በኋላ ወደ ስድባቸው ተመልሰው ነበር።

ስለ ሸሪፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፥ በ1953፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ነበር። የዚያ ጊዜ ልጆች ለሁለት የተከፈሉት አብረው ሰንብተው ከተዋወቁ በኋላ ነው። አንዱ ለሌላው ቍጥር ሳይሆን ስምና ፊት ያለው ልጅ ነበር። አጥኚዎቹ ሊያጣሏቸው ቢደክሙም ልጆቹ ነገሩን የሚጭሩት ትልልቆቹ ሰዎች መሆናቸውን ጠረጠሩ፤ እርስ በርሳቸውም አንጣላም አሉ። ሙከራው ሳይፈጸም ተቋረጠ።