አሮጌ ሞተር ሳይክል እየገፋ ለመጣ ልጅ

ሰሊጥ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ሒሳብ ሲከፈል እዚህ ሱዳን፣ ባሱንዳ ውስጥ በየዓመቱ የሚታይ ነገር አለ፤ ጎረምሳው ከገዳሪፍ ወይም ከዶካ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ አስነስቶ ሳይሆን ገፍቶ ወደ ሰፈር ይገባል። ዘንድሮ ተራው ያንተ ሆኗል። ልጄ፣ አልሥቅብህም። አሮጌ ሞተር ሳይክል በቤት ማደስ ደህና ሙያ ያስተምራል። ግን የስንቱ የአጨዳ ላብ በየግቢው በጣሳ ሙሉ ብሎን ሆኖ ዝጎ ቀርቷል! እነዚያን ሞተሮች አብዛኞቹን የገደላቸው ዕድሜ አይደለም፤ ሊያድሳቸው የፈታቸው ሰው ነው። ስልክህ ላይ ያለው ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ተመልከተው። እኔ የምመክርህ ግን የዚህን አገር አቧራ፣ ጥቁር ጭቃና ሙቀት ቆጥሬ ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀት። የሻንሲው ቁጥር ከመሪው ሥር አንገቱ ላይ ተመቶ ታገኘዋለህ፤ የኢንጂኑ ቁጥር ደግሞ ኢንጂኑ ላይ አለ። ጨርቅ ቤንዚን አስነክተህ ቅባቱን ጥረግና ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያይ። ቁጥሩ ሞረድ የነካው ከመሰለህ ገንዘብህ ተቆርጦም ቢሆን መልሳት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሱዳኑ ጦርነት ከተነሣ ጀምሮ፣ የስንት ሰው ንብረት ባለቤቱ ሳያውቀው አገር ለአገር ዞሯል። አንድ ቀን «የኔ ናት» የሚል ሰው ቢመጣ ማደስህ መብት አይሆንህም። ደግሞም ከገላባት ተሻግረህ መተማ ዮሐንስ ልትወስዳት ካሰብክ፣ ጉምሩክ ያላለፈችና ሊብሬ የሌላት ሞተር ኮንትሮባንድ ናት። የቱንም ያህል ብታብረቀርቅ ኬላ ላይ ትቀራለች።

2. ምን እንደያዝክ እወቅ። ሱዙኪ ኤኤክስ 100 እና ያማሃ ኤጂ 100 ሁለት ምት ናቸው፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ያነዱታል። የዘይት ፓምፑ ለመሥራቱ እርግጠኛ እስክትሆን ድረስ በየሊትሩ ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ቀላቅል፤ ጭሱ ቢበዛ ግድ የለም፣ ፒስተን ከሚነክስ ጭስ ይሻላል።

ያንተ ግን ሆንዳ ሲጂ 125 ከሆነች ዕድለኛ ነህ። ሆንዳ ይህችን ሞተር እ.ኤ.አ. በ1976 ስታወጣ ያሰበችው እንደኛ ያለውን ገዢ ነው፤ ዘይት በጊዜው የማይቀይረውን፣ በአንድ ሰው ወንበር ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ የሚጭነውን። ስለዚህ በሌሎቹ ሞተሮቿ ላይ የለመደችውን፣ ካሙን ላይ አውጥቶ በሰንሰለት የማዞር አሠራር ትታ፣ ካሙን ታች አስቀምጣ ባልቮላዎቹ በዘንግ እንዲገፉ አደረገች። የሚላላና የሚበጠስ የካም ሰንሰለት የለም። ቻይናዎቹም ይህንኑ ኢንጂን ገልብጠው 125 እና 150 ሲሲ እያደረጉ ዓለምን ሞሉት፤ በየመንገዱ ከምታያቸው ብዙዎቹ የሷ ልጆች ናቸው። የካርቱም ገበያ ከተበተነ ወዲህ እስቤር ማግኘት ጭንቅ በሆነበት በዚህ ዘመን፣ ከየትም አቅጣጫ ዕቃዋ የሚመጣላት ሞተር መያዝ ትልቅ ነገር ነው። ገና ያልገዛ ጓደኛ ካለህ ይህን ንገረው። ስም ያላት፣ መልኳ የሚያምር፣ ግን ፒስተኗ የማይገኝ ሞተር የግቢ ጌጥ ነች።

3. አትፍታት። ይህን ምክር ካልሰማህ ሌላውን ባታነበውም ግድ የለም። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ በኢንጂን ላይ ደግሞ የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። ኢንጂን ለመነሣት እሳት፣ ቤንዚንና እመቃ ይፈልጋል። ሦስቱንም ቴስታታውን ሳትከፍት ማወቅ ትችላለህ።

ካንዴላውን ንቀልና መልኩን እይ። የተቆላ ቡና መልክ ካለው ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶባታል ወይም አየር አንሷታል። ዘይት ካራሰው ፋሻው ወይም ባልቮላው አልፎበታል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷት ከመጠን በላይ ሞቃለች። ከዚያ ካንዴላውን በኮፍያው ላይ መልሰህ፣ ብረቱን ኢንጂኑ ላይ አስነክተህ፣ ከቀዳዳው ግን አርቀህ፣ ርገጣት፤ በቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት እሳት ሊይዝ ይችላል። ሰማያዊና ወፍራም ብልጭታ ካየህ እሳቷ አለ። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ከቦቢናው ወይም ከፑንቲናው ጋር ጉዳይ አለህ።

ቀጥለህ በካንዴላው ቀዳዳ ላይ አውራ ጣትህን ጫን አድርገህ ጓደኛህ ይርገጥልህ። ጣትህን ገፍታ ካነሣችው እመቃ አለ። ካልገፋች አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በቀዳዳው አፍስስና እንደገና ይርገጥ። አሁን ከገፋች ያለቀው ፋሻ ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖታል። አሁንም ካልገፋች ባልቮላው ሳይሆን አይቀርም። አየህ፣ አንዲት ብሎን ሳትፈታ ገንዘብህ የት እንደሚሄድ ዐወቅክ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሦስቱም ደህና ሆነው የተዘጋ ካርቡራቶር ብቻ ይሆናል።

መርገጫው አልወርድ ብሎ ከደረቀ በጉልበት አትታገለው። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና ዘይት ጨምረህ ለቀናት ተዋት።

4. ከፈታህ ደግሞ በሥርዓት ፍታ። ከእያንዳንዱ ክዳን በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ። የአንዱን ክፍል ብሎን ከሌላው አትቀላቅል፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያጠበቀ ሰው ክዳን ይሰነጥቃል። የጃፓኖቹ የመስቀል ብሎን የተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ በትክክል አይገባውም፣ ጫፉ ዘሎ ይወጣና ራሱን ይልጠዋል። ስለዚህ ካቻቢቴውን አስገብተህ ጀርባውን በመዶሻ ሁለት ሦስቴ ምታ፣ ከዚያ በኃይል እየጫንክ ዙር። ቮላኖውን ግን በመዶሻ የሚያወጣ ሰው ካየህ ሞተርህን ይዘህ ሽሽ፤ የራሱ መንቀያ አለው፣ ተዋስ።

5. ሰልባትዮው። ለወራት የቆመ ቤንዚን ይበላሻል፣ ባዶ የቆመ ሰልባትዮ ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። ቤንዚኑን ድፋና፣ ቧንቧውን ነቅለህ ቀዳዳውን ድፈን፣ አቼቶ ሙላበት። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያድር። አሮጌ ካቴና ቁራጭ ጨምረህ ብትንጠው ዝገቱን ይፍቀዋል፤ ግን ካቴናውን ማውጣት አትርሳ። ከዚያ አጥበህ፣ ሶዳ በበጠበጥክበት ውሃ አለቅልቀህ፣ ፀሐይ ላይ አውጣው። ፀሐይ እንደሆነ እዚህ ችግር የለብንም። ሲደርቅ ወዲያው ዘይት አልብሰው፤ ራቁቱን ካደረ በማግሥቱ እንደገና ይቀላል።

ቀዳዳ ካለው ብየዳ ቤት ልትወስደው ነው። እዚህ ላይ ጆሮህን ስጠኝ። ባዶ የመሰለ ሰልባትዮ ትነት አለበት፣ ትነቱ ከቤንዚኑ ይልቅ ይፈነዳል። በያጁ ውሃ ሞልቶ፣ የሚበየድበትን ቦታ ብቻ ከውሃው በላይ አድርጎ የማይሠራ ከሆነ ዕቃህን ይዘህ ተመለስ። ታጥቧል ቢልህም ተመለስ።

የምትጨምረውንም ቤንዚን እይ። በሃይላንድ የሚሸጠውን ወደ ብርሃን አንሥተህ ጥቂት አቆየው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ መለያው መሥመር በዓይን ይታያል። የላዩን ብቻ ቅዳ።

6. ዘይትና የማንም ዓይን የማያየው ማጣሪያ። ሲጂ ከመኪና እንደለመድከው የሚጣል የወረቀት ማጣሪያ የላትም። ከታች የሽቦ ወንፊት አለ፤ በቀኝ በኩል ካለው ክዳን ውስጥ ደግሞ ከኢንጂኑ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ ዕቃ አለ፤ ቆሻሻውን በሽክርክሪት ኃይል ወደ ዳር እየወረወረ ያጠራቅማል። አሮጌ ሞተር ላይ ክፈተውና እይ፤ ዳር ዳሩን ግራጫ ዝቃጭ ጋግሮበታል፣ በጥፍርህ ስትፍቀው ይላጣል፣ በጣትህ መካከል ስታሸው የብረት ብናኙ ይሰማሃል። ያ ሁሉ ከፒስተኑ፣ ከማርሹና ከፍሪሲዮኑ የተፋቀ ነው። ዘይት የቀየሩ ብዙዎች ናቸው፣ ይህን ከፍተው የጠረጉ ግን ከስንት አንድ ናቸው። በናፍጣ እጠበው፣ አድርቀው፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮን ቀይርና መልሰው።

ዘይቱ አንድ ሊትር ገደማ ነው የምትይዘው። ያው ዘይት ፍሪሲዮኑንም ስለሚያርስ የመኪና ዘይት ካደረግክበት ፍሪሲዮኑ ሊያንሸራትት ይችላል፤ ዕቃው ጀርባ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚለውን ፈልግ። እኔ በዚህ አቧራ 1,000 ኪሎ ሜትር ሳትቀየር አላሳልፋትም። ውድ ነው ትለኛለህ። ኮሎ ከማስቀየር ይረክሳል።

7. ባልቮላና ፑንቲና። የሲጂ የባልቮላ ክፍተት ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኢንጂኑ ቀዝቅዞ። ቀዝቅዞ ስልህ የሚያዝያን ቀትር አይደለም፤ ሆንዳ ከ35 ዲግሪ በታች ይላል፣ ባሱንዳ በሚያዝያ ያንን የምታገኘው ሌሊቱን አሳድረህ ጎህ ሲቀድ ነው። አሮጌዎቹ ፑንቲና ካላቸው ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7። በግምት አትሥራ፣ የክፍተት መለኪያ ስሱ ብረት ርካሽ ነው።

8. መብራት ካልሠራ መጀመሪያ አይጥ ጠርጥር። የእህል መጋዘን ውስጥ የቆመች ሞተር ሽቦዋን አይጥ ሳይበላላት አይቀርም። ሰልባትዮውንና ወንበሩን አንሥተህ ሽቦውን ከራሱ እስከ ጭራው በእጅህ ዳብስ። የመሬት ሽቦው ሻንሲውን የሚነካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። አምፖልና ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ሞተሯ 6 ቮልት ይሁን 12 ለይ።

9. አቧራ። የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ «አሁን ተነፈሰች» የሚል ሰው ሞልቷል። ለጥቂት ቀናት ድምፅዋ ይጎላል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት አገር ማጣሪያ የሌላት ሞተር ፋሻዋን በአንድ በጋ ትጨርሳለች። ስፖንጁን በላምባ እጠብ፣ ጨምቀህ አድርቅ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አጠጥተህ እንደገና ጨምቅ። ስፖንጁ ከተበጣጠሰ ለውጠው። ማጣሪያውን ከካርቡራቶሩ የሚያገናኘው ጎማ ከተሰነጠቀ ግን ማጣሪያው በከንቱ ነው፤ አቧራው በስንጥቁ ይገባል።

10. ማቆም ከመሄድ ይቀድማል። ፍሬኑን ስትከፍት የተጠራቀመውን ብናኝ በአፍህ እፍ አትበለው፣ በአየርም አትንፋው፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ይኖርበታል፣ ሳንባ ያበላሻል። በውሃ እጠበው። ጎማው ጥርስ አለው ብለህ አትታለል፤ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ፣ 2314 ቢል በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እዚህ ፀሐይ ላይ አሥር ዓመት የከረመ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል። ስትቀይር ከለመዳሪውንም አብረህ ቀይር። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተህ መሪውን ቀስ ብለህ ወዲያና ወዲህ አዙር፤ መሐል ላይ ቆንጠጥ ካደረገህ የአንገቱ ኩሽኔታ ጎድጉዷል።

11. ቀለም በመጨረሻ። ሞተሯ ሳትነሣ ቀለም የገዛ ሰው ሥራውን አይጨርስም።

12. ክረምት ሳይገባ ጨርስ። ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ከአስፋልቱ የወጣ ሁሉ ይያዛል። ጭቃው በጎማውና በመከላከያው መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ አንተም በፍሪሲዮን ስትታገል ፍሪሲዮኑን ታቃጥላለህ። የክረምት ሰው የፊት መከላከያዋን ከፍ አድርጎ ያስራል። ካቴናው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ልልነት ይኑረው፣ ከጭቃ በወጣች ቁጥር ይታጠብ፣ ዘይት ይቀባ። ረሃድ፣ ከማዶ ሽንፋ የምንለው ወንዝ፣ ሲሞላ ደግሞ በሞተር ልሻገር አትበል፤ ስንት ጉልበተኛ ወስዷል።

13. የመጀመሪያው ጉዞ ቅርብ ይሁን፣ በቀን ይሁን። ደርሰህ ስትመለስ ብሎኖቹን ሁሉ ዳግመኛ አጥብቅ፣ ከሥሯ የተንጠባጠበ ዘይት ካለ እይ። አዲስ ፋሻ ካስገባህ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ጭነት አትጫን፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው አትክፈት፣ ከዚያ ዘይቷን ቀይር። ሲመሽ አትውጣ፤ ዘመኑ የሞተር ድምፅ በሌሊት ሲሰማ ሰው የሚደነግጥበት ዘመን ነው።

የራስ ቁርም ግዛ። ገንዘብ አለቀ ካልከኝ ለቀለም ያስቀመጥከውን አውጣ። ያለ ቁር በደጃፌ ስታልፍ ካየሁህ ቁልፉን እቀማሃለሁ፣ ለአባትህም እነግራለሁ።