ስለ መንገድ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት አቈጣጠር

ከራያ ቆላ ተነሥቶ ወደ እስያ ገበያ የሚሄድ የቆቦ ነጋዴ፣ ከሸቀጡ ዋጋ አስቀድሞ የመንገዱን ርቀትና የጊዜውን ልክ አጣርቶ ማወቅ ይገባዋል።

ርቀት በሁለት ዐይነት ይለካል፤ አንደኛው በምድር፣ ሁለተኛው በአየር ነው። ከቆቦ በወልድያ፣ በደሴና በደብረ ብርሃን በኩል እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአየር በቀጥታ ቢለካ ግን 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ያመጣው የተራራው ጠመዝማዛ ነው።

ከአዲስ አበባ ወዲያ ደግሞ በዱባይ አድርጎ ወደ ቻይና ከተማ ወደ ጓንዡ የሚሄደውን ነጋዴ ምሳሌ እናድርግ። ከዱባይ እስከ ጓንዡ በአየር 5,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልቅ የመንገደኛ አይሮፕላን በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚበር፣ መነሣቱና ማረፉ ሲታከልበት ጉዞው ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመልስ ጉዞ ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስ ከፊት ስለሚገጥመው ይዘገያል።

በቲኬቱ ላይ ከዱባይ መነሻው 10፡00፣ ጓንዡ መድረሻው 21፡30 ተብሎ ቢጻፍ፣ በረራው 11 ሰዓት ተኩል ነው ማለት አይደለም። በቲኬት የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፤ ጓንዡም ዱባይን በ4 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ይህ ሲቀነስ በረራው 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አገራችንን ደግሞ ዱባይ በ1፣ ጓንዡ በ5 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ የጓንዡ ነጋዴ በጧቱ በ9፡00 ሱቁን ሲከፍት፣ በቆቦ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን የቀኑ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን ሲነጋ ነው። እኔ ራሴ የአሠሪዬን ቲኬት ተቀብዬ «ረቡዕ 00፡30» የሚለውን ረቡዕ ማታ አድርጌ አነበብሁ። አሠሪዬም ረቡዕ ምሽት ቦሌ ሲደርሱ አይሮፕላኑ ባለፈው ሌሊት ሄዶ ነበር። ለራያ ገበሬ ሊያመጡት ተስማምተውበት የነበረው የውሃ መሳቢያ ሞተርም ለሌላ ገዢ ተሸጠ፤ የመስኖው ወራትም አለፈ። እርሳቸው አልተቈጡኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እንግዲህ ጸሐፊም ሆነ ነጋዴ፣ ከ00፡00 እስከ 06፡00 የተጻፈ ሰዓት በቲኬቱ ላይ ባየ ጊዜ፣ «ለረቡዕ አጥቢያ፣ ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» ብሎ በአማርኛ ከጐኑ ይጻፍበት። ከበረራው 3 ሰዓት አስቀድሞ ቦሌ መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ መንገደኛው ማክሰኞ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ተኩል እዚያ ሊደርስ ይገባል። ከቆቦ የሚነሣበትንም ቀን ከዚሁ ወደ ኋላ ይቍጠር፤ መኪና መንገድ ላይ ሊያሳድር ይችላልና፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እሑድ ማለዳ ይነሣ። አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ያደረ ሰው የሚከፍለው የአልጋ ዋጋ ነው፤ አንድ ቀን የዘገየ ግን ገበያውን በሙሉ ይከፍላል።