የሶላር መብራት ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ማሳውን፣ ጎተራውንና በላተኛውን ተመልከቱ



የዛሬው ትምህርት ስለ ሩዝ ወይም ስለ ቡና ዋጋ አይደለም። ግን የሩዝ ብር የሚገባበት ጉዳይ ነው። በፎገራ ሜዳና በሊቦ ከምከም ሩዝ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ገበሬው ሸጦ እጁ ላይ ብር ሲገባ ገና (ታኅሣሥ 29)፣ ከተራ (ጥር 10) እና ጥምቀት (ጥር 11) ተከታትለው ይደርሳሉ። በዚሁ ሰሞን ይፋግ፣ አዲስ ዘመንና ወረታ ላይ የሶላር መብራት በሽ በሽ ነው። አንዱ ለበዓል የሚዘረጋው የሚብለጨለጭ የገና መብራት ነው፤ ሌላው ለግቢ፣ ለአውድማ፣ ለመጋዘንና ለሩዝ መፈልፈያ የሚሰቀለው ፓውዛ።

ከሁለቱ የበለጠ ብር የሚበላው፣ ሲበላሽም የበለጠ የሚያከስረው ፓውዛው ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ አካባቢያችን አንድ የመፈልፈያ ባለቤት «300 ዋት» የተባሉ ስድስት መብራቶች ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሰቀለ። ያልተፈለፈለ ሩዝ በጆንያ ውጭ ተደርድሮ ነበር። መብራቶቹ ምሽት 12 ሰዓት ላይ አካባቢውን ቀን አስመሰሉት፤ 4 ሰዓት ላይ ግን አንድም የቀረ አልነበረም። ዘበኛው ሌሊቱን በስልኩ ባትሪ ነው የጠበቀው። አሁን ደግሞ አንድ የገበሬ ማኅበር ለመጋዘኑ 40 መብራት ሊገዛ አስቦ የትኛው ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። የአባላት ብር ስለሆነ ለእነሱ የነገርኳቸውን ለሁላችሁም ላካፍል።

1. ካርቶኑ ላይ ያለው «ዋት» ምን ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ምንም ማለት አይደለም። ቡናን በጆንያው ጽሑፍ የሚገዛ ነጋዴ የለም። ናሙና ይወጣል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ እንከኑ ይለቀማል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ ደረጃ ይሰጠዋል። መብራቱንም እንዲሁ ማየት ነው። ካርቶኑን ትታችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦

ማሳው፦ የፀሐይ ፓኔሉ። ቀን ቀን ምርት የሚሰጠው እሱ ነው።
ጎተራው፦ ባትሪው። የቀኑን ምርት ለሌሊት ያስቀምጣል።
በላተኛው፦ ኤልኢዲ አምፖሉ። ሌሊቱን ሙሉ ከጎተራው ይቀልባል።

መለኪያቸው አንድ ነው፤ ዋት-ሰዓት ይባላል። 1 ዋት የሚበላ አምፖል አንድ ሰዓት ከበራ 1 ዋት-ሰዓት ወጣ ማለት ነው። ልክ እንደ ኩንታል ቁጠሩት። ማሳው በቀን ከሚሰጠው በላይ በላተኛው በሌሊት ሊበላ አይችልም። ተአምር የለም።

አሁን «300 ዋት» የተባለውን እንፈትሸው። ሌሊታችን 12 ሰዓት ነው። 300 × 12 = 3,600 ዋት-ሰዓት። ይህን በአንድ ቀን ለማምረት ከ1,000 ዋት በላይ ፓኔል ያስፈልጋል፤ ከቤት መዝጊያ የሚሰፉ ሁለት ትልልቅ ፓኔሎች ማለት ነው። ገበያ ላይ ያያችሁት መብራት ፓኔሉ የደብተር ያህል ከሆነ፣ ስሌቱ እዚያው ላይ አለቀ።

2. የወረቀቱ ዘዴ

ይህቺን ያዟት፣ የትም ገበያ ትሠራለች። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጉልበት 1,000 ዋት አካባቢ ነው። ጥሩ ፓኔል ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ በካሬ ሜትር 200 ዋት ማለት ነው።

የፎቶ ኮፒ ወረቀት (ኤ4) ስፋቱ 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። በ200 ስታባዙት 12 ዋት አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ኤ4 ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ፓኔሉ ላይ አስቀምጡት። ወረቀቱን ካከለ 12 ዋት ነው። ግማሹን ካከለ 6 ዋት ነው። ሻጩ ምንም ቢምል ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በእኛ አገር በበጋ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብለን እንያዝ። ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ደካማ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ስንደምረው በእኩለ ቀን ጥንካሬ 5 ሰዓት ያህል ነው ማለታችን ነው። 12 ዋት × 5 = 60 ዋት-ሰዓት። በሙቀት፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክነውን 30 በመቶ ቀንሱ፤ 42 ይቀራል። ለ12 ሰዓት ሌሊት ስናካፍለው 3.5 ዋት።

ይህ ማለት ባለ ኤ4 ፓኔል መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀንስ የሚያበራው የድሮው ባለ 40 ዋት ክር አምፖል ያህል ነው። ለአንድ በር ወይም ለአንድ ማዕዘን በቂ ነው። ለሙሉ ግቢ ግን አይሆንም።

3. ጎተራውን መመዘን

ባትሪ ላይ የሚጻፈው ቮልትና አምፒር-ሰዓት ነው። ሁለቱን ስታባዙ ዋት-ሰዓት ታገኛላችሁ። 3.2 ቮልት፣ 15 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 48 ዋት-ሰዓት ነው። ሙሉ በሙሉ ባይሟጠጥ ስለሚመረጥ 80 በመቶውን፣ 38 አካባቢ ቁጠሩ።

ዓይነቱ ደግሞ ዕድሜውን ይወስናል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት (አንዱ ሴል 3.2 ቮልት)፦ ለውጭ መብራት የሚመረጠው ይህ ነው። ጥሩው 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ሞልቶ ይራገፋል፤ በየቀኑ ቢሠራ ከ5 ዓመት በላይ ነው። ሙቀትም ይችላል።
ሌላው ሊቲየም (አንዱ ሴል 3.6 ወይም 3.7 ቮልት)፦ ቀለል ያለ ነው፤ በብዛት ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ።
ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ (1.2 ቮልት)፦ የሬዲዮ ድንጋይ የምትመስለዋ። በትንንሽ የአትክልት ቦታና የገና መብራቶች ውስጥ ያለችው እሷ ናት።

ማጭበርበሪያው እዚህም አለ። 18650 የምትባለዋ የጣት ያህል ሴል ትክክለኛ አቅሟ እስከ 3,500 ሚሊ አምፒር-ሰዓት አካባቢ ነው። ላይዋ ላይ «9,900» የሚል ካያችሁ ሻጩን ሳትከራከሩ ሂዱ።

ደግሞ እኛ የሚዛን ሰዎች ነን። አንድ ኪሎ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በግምት ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ነው የሚይዘው። መብራቱ «300 ዋት-ሰዓት ባትሪ አለው» ከተባለ ባትሪው ብቻውን 2 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መመዘን አለበት። ካርቶኑ ሙሉው አንድ ኪሎ ከሆነ፣ ጎተራው ባዶ ነው።

4. ዋጋውን በሌሊት አካፍሉት

የሚከተለው ቁጥር ለስሌት የወሰድኩት ነው፤ የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙት። አንዱ መብራት 1,500 ብር ሆኖ አንድ ዓመት ቢሠራ፦ 1,500 ÷ 365 = በሌሊት 4 ብር ከ10 ሳንቲም ገደማ። ሌላው 4,500 ብር ሆኖ አምስት ዓመት ቢሠራ፦ 4,500 ÷ 1,825 = 2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ። ሦስት እጥፍ ውድ የመሰለው በሌሊት ሲታሰብ ረከሰ ማለት ነው። ርካሹ በየዓመቱ ሲቀየር የሰቃዩ አበልና ያለ መብራት ያለፈው ሌሊት ገና አልተቆጠረም።

5. ሴንሰር ያለውን መምረጥ

ለጥበቃ የሚሆን መብራት ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ ጉልበቱ መብራት የለበትም። ሰው ሲቀርብ የሚደምቅ፣ ሰው ሲርቅ የሚደበዝዝ ሴንሰር ያለው አለ። በስሌት እንየው፦ 10 ዋት ለ2 ሰዓት ሲደመር 2 ዋት ለ10 ሰዓት = 40 ዋት-ሰዓት። ይህን ያቺ የኤ4 ፓኔል ትችለዋለች። ያለ ሴንሰር 10 ዋት ለ12 ሰዓት ግን 120 ዋት-ሰዓት ነው፤ ሦስት እጥፍ ፓኔልና ባትሪ ይጠይቃል። ለዘበኛውም ቢሆን በድንገት የሚደምቅ መብራት «ሰው ገባ» የሚል ምልክት ነው።

6. አሰቃቀል

ጥሩ መብራት በመጥፎ አሰቃቀል ይበላሻል። የእኛ አካባቢ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። ትንሽ ማዘንበሉ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል። ከዛፍና ከጣሪያ ጥላ ይራቅ፤ የፓኔሉ አንድ ጥግ ብቻ ቢጠላ እንኳ ምርቱ ክፉኛ ይወርዳል። ለመጋዘንና ለዳስ ፓኔሉ በገመድ የተለየ ቢሆን ይሻላል፤ ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ መብራቱ ከታች።

መፈልፈያ ያላችሁ ሰዎች፣ የሩዝ ገለባና ብናኝ ፓኔሉን እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚሸፍነው። በሥራ ወቅት በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በክረምት ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ደመናው ምርቱን ስለሚቀንሰው በበጋው ስሌት ልክ የተገዛ መብራት እኩለ ሌሊት ላይ ይደክማል። ዓመቱን ሙሉ የምትፈልጉት ከሆነ ፓኔሉንም ባትሪውንም በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ባትሪው ያበጠ መብራት ካለ ከገለባና ከክምር አጠገብ ቶሎ አንሱት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ቢጫማው ብርሃን ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ይስባል። በሩዝ አገር ይህ ቁም ነገር ነው።

7. የበዓሉ መብራትስ?

ለገና ቤት ለማስጌጥና ለከተራ ምሽት ዳስ ለማድመቅ የሚገዛው ተብለጭላጭ መብራት አምስት ዓመት እንዲሠራ አይጠበቅም። ግን እነዚህን እወቁ፦ ብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ባለ 1.2 ቮልት 600 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ባትሪ ናት፤ ከ1 ዋት-ሰዓት በታች። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ስትቀመጥ ትደክማለች፣ አንዳንዴም ትሞታለች። ስለዚህ ባትሪዋ የምትቀየር መሆኗን አይታችሁ ግዙ። በብዙዎቹ ማብሪያው «ኦን» ላይ ካልሆነ ቻርጅ አይገባም፤ «አልሠራም» ተብሎ የሚመለሰው ብዙው በዚህ ነው። ፓኔሉን በእጅ ሸፍኖ «ይኸው በራ» ማለት አምፖሉ ደኅና መሆኑን እንጂ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አያሳይም። ታቦት በሚያድርበት ጥምቀተ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ካስፈለገ ለጌጥ ተብለጭላጩን፣ ለብርሃን ግን ፓውዛውን ያዙ። ከሁለት ቀን በፊት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ።

8. ለዩኒየኖችና ለላኪዎች፦ ጨረታው ላይ የሚጻፍ

«300 ዋት ሶላር መብራት፣ 40 ፍሬ» ብላችሁ ካወጣችሁ በጣም ርካሹን ካርቶን ነው የምታሸንፉት። በምትኩ እንዲህ ጻፉ፦

የፓኔሉ ትክክለኛ ዋትና ስፋት በሳንቲ ሜትር
የባትሪው ዓይነት፣ ቮልትና አምፒር-ሰዓት
የብርሃኑ መጠን በሉመን፣ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ
ዝናብና አቧራ መከላከያው ቢያንስ አይፒ 65
ቢያንስ 2 ዓመት የጽሑፍ ዋስትና፣ መለወጫ ባትሪ የሚገኝበት ሁኔታ

ለፋኖስና ለቤት ሶላር ኪት ከሆነ ቬራሶል የተባለውን የጥራት ማረጋገጫ ጠይቁ፤ የቀድሞው ላይቲንግ ግሎባል ነው። ያለፉት ዕቃዎች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የሻጩን ቃል ማመሳከር ይቻላል።

ከዚያ ናሙና ውሰዱ። አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ከዚያ ሦስት ሌሊት በተከታታይ አብሩትና የጠፋበትን ሰዓት መዝግቡ። ያለፈውን ናሙና በሁለቱም ፊርማ አሽጋችሁ አስቀምጡ። ቡና ላይ እንደምናደርገው ርክክቡ ከናሙናው ጋር ይመሳከር፤ ከ40ው ውስጥም በዘፈቀደ ሦስቱን ፈታችሁ እዩ።

9. መቼ ይገዛ?

ዕቃው በብዛት ከቻይና፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይሄዳል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን፣ የዛሬ ሦስት ወር የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ በጀት አትያዙ። እኔ እንደማየው የአካባቢያችን ፍላጎት ጫፍ የሚደርሰው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥምቀት ነው። ለአውድማና ለመጋዘን የምትፈልጉ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጨርሱ፤ አጨዳው ሳይጀመር፣ ለናሙና ፍተሻውም ጊዜ ሳያጥር።

የመጋዘናችሁን ስፋትና የምትፈልጉትን ሰዓት ኮሜንት ላይ ብትጽፉልኝ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን። የነገ የሩዝና የጤፍ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለቀቃል።

መልካም ገበያ!