ሳያነቡ አይፈርሙ

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ደጋ ብዙ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል። አንዱ ዘበኛ ይሆናል። ሌላው መንገድ ሥራ ይገባል።

አንድ የቦረና ገበሬ በአንድ ድርጅት ሁለት ዓመት በዘበኝነት ሠራ እንበል። አንድ ቀን ጧት አሠሪው ጠርቶ፣ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ። እዚህ ላይ ፈርም» አለው። ሰውየው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ወረቀቱን ያንብብ። «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ፤ ሒሳቤንም ተቀብያለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል። ሳያነቡ አውራ ጣትን መጫን መብትን አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛ፣ የተሰናበተበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ሠራተኛ አያሰናብትም። እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ የማኅበር አባል መሆን ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን የሰረቀ፣ ወይም በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሚገባውን ገንዘብ ያስላ። ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ስንብት፣ እስከ 1 ዓመት ለሠራ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ለሠራ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሠራ 3 ወር አስቀድሞ ይነገረዋል። ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሰው የስንብት ክፍያም አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይታሰባል። የዘበኛው የቀን ደመወዝ 100 ብር ቢሆን፣ 3000 ሲደመር 1000፣ በጠቅላላው 4000 ብር ይሆናል።

አራተኛ፣ ጊዜ አያሳልፍ። ወደ ሥራው ለመመለስ የሚፈልግ በ3 ወር ውስጥ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ በ6 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ይክሰስ። በሰኔ የተሰናበተ ሰው፣ «እርሻዬን ልረስ፣ ከመኸር በኋላ እመለሳለሁ» ቢል ወደ ሥራው የመመለስ መብቱ ያልፍበታል። ሠራተኛው ለዚህ ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።

የቅጥር ደብዳቤ የሌለውም ተስፋ አይቁረጥ። በቃል የተደረገ ውልም ውል ነው። አብረውት የሠሩ ሰዎች ይመስክሩለት። ይሁን እንጂ ለተወሰነ ሥራ የተቀጠረ ሰው ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። የቤት ሠራተኞችን ደግሞ ይህ አዋጅ አይመለከትም።

አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ፊደል የቆጠረ ሰው ያነባል፣ ይጠይቃል፣ በቀኑም ይናገራል።

ጥያቄ
1. ዘበኛው ከመፈረሙ በፊት ምን ማድረግ አለበት?
2. ሦስት ዓመት የሠራ ቢሆን የስንብት ክፍያው ስንት ብር ይሆናል?