«መስኖ» ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ በጋራ የአትክልት ቦታ ጎመንና ቃሪያ ተክያለሁ። በላስቲክ ቱቦ ሳጠጣ ልጄ «ይህ መስኖ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነው እንዴ? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ እርስዎ የያዙት ማጠጣት ነው። «አጠጣ» ከ«ጠጣ» የወጣ ነው፤ ከብትም እንግዳም ተክልም ይጠጣል። መስኖ ግን ውሃውን ወደ ማሳው የሚያመጣው ሥራ ሁሉ ነው። ገበሬው ወንዙን በድንጋይና በጭቃ ይጠልፋል፣ ቦይ ይቀዳል፣ ተራው ሲደርስ በዶማ አፈሩን ከፍቶ ያስገባል። ተራ የሚያስጠብቀው የውሃ አባት ነው፤ ያለ እሱ ጠብ አይጠፋም።

ስለ ምንጩ፦ ፊተኛው «መ» ከግሥ ስም የምናወጣበት የታወቀው ቅጥያ ይመስላል። ግሡ በዛሬው አማርኛ የለም፤ ዓረብኛ ግን ውሃ መቅዳትንና ማጠጣትን «ሰና»፣ የውሃ መቅጃውን መዘውር «ሳኒያ» ይላል። እኔ ዘመዳሞች ናቸው ባይ ነኝ። ስፔኖች «ሳኒያ»ን ወስደው የውሃ ወፍጮን «አሴኛ» ብለውታል።

ቱቦዎን በስተው በየተክሉ ሥር ቢያንጠባጥቡት የጠብታ መስኖ ይባልልዎታል። ሚኒሶታ ላይ መስኖ የበጋውን ዝናብ ማሟያ ነው፤ በጋ ስል የአሜሪካኖቹን ሰመር ማለቴ ነው። በእኛው በጋ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ሚኒያፖሊስ በረዶ ሲለብስ፣ ጎጃም ውስጥ ሜጫ ላይ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የኮጋ መስኖ ሥራ ላይ ነው።