ሁለት ሞተር ሳይክሎችና አንድ አደራ

ኦሪት ዘፍጥረት ሰው በገነት ሲቀመጥ ሁለት ሥራ እንደ ተሰጠው ያስተምረናል፤ ማልማትና መጠበቅ። እንጀራ ፍለጋ ስንሮጥ ቶሎ የምንረሳው ሁለተኛውን ነውና ዛሬ እርሱን ቀስ ብለን እንመርምር። ለምሳሌ የሚሆኑን ሁለት ነባር የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ናቸው።

አንደኛው ያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ለእርሻ ሥራ የተበጀ። ካቴናው በሽፋን ውስጥ ስለሚሄድ ጭቃ አይበግረውም። ሁለተኛው ሆንዳ ሲጂ 125፣ ባለ አራት ምት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በታዳጊ አገሮች ሰው ዘይት ሳይቀይር ጭነት እየጫነ እንደሚነዳ መሐንዲሶቹ አይተው፣ ይህን የሚችል ሞተር ከሠሩ በኋላ ነው። ዛሬ ከቻይና የሚመጡ ብዙ ሞተሮች የተቀዱት ከእርሱ ነው።

በማልማቱ ሁለቱም አይታሙም። እንዲያውም ኤጂውን የሚፈታ መካኒክ በቴስታው ላይ ቫልቭ የሚባል ነገር አያገኝም፤ ሲሊንደር፣ ፒስተንና ፋሻ ናቸው፤ ለገጠር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

በመጠበቁ ግን ይለያያሉ። በኤጂው ዘይቱ በትንሽ ፓምፕ እየተመጠነ ከቤንዚኑ ጋር ይገባል፤ ፒስተኑን አለስልሶ አብሮ ይነዳል። አዲሱ ቤንዚን ሲገባ የጭሱ መውጫ ገና ስላልተዘጋ፣ ከፊሉ ሳይነድ ያመልጣል። ሰማያዊው ጭስና በማርሚታው አፍ ላይ የሚጋገረው ጥቁር ቅባት ከዚያ የመጣ ነው። ጀልባ የሚገፋ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ይህንኑ ውሃው ውስጥ ይተፋዋል።

ሲጂው 1 ሊትር ያህል ዘይት በሆዱ ይዞ ይዞራል። ታዲያ እርሱ ንጹሕ ነው ብለን እንለፍ? ልብ በሉ፤ ዘይቱ አልጠፋም፣ ጠቁሮ ወደ ባለቤቱ እጅ ተመልሷል። ባለቤቱ በከተማችን በባሕር ዳር ቦይ ውስጥ ቢደፋው፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ጣና ያወርደዋል፤ ከጣና የሚወጣው ደግሞ ዓባይ ነው። አባቶቻችን ዓባይን ግዮን፣ ከገነት ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ ነው ብለው አስተምረውናል። ስለዚህ ያ የጥንቱ ትእዛዝ የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ወንዙ በከተማችን ያልፋል። ትእዛዙም የተሰጠው ለሰው ነው፤ መሣሪያ በእኛ ፈንታ አይጠብቅልንም።

መምረጥ የሚችል ባለ አራት ምቱን ይያዝ። ኤጂ ያለው የዘይት ፓምፑን በልኩ ያስተካክል፤ ለባለ ሁለት ምት የተሠራውን ዘይት ብቻ ይጨምር። ባለ አራት ምት የያዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘይት በምታስቀይሩበት ቀን ባዶ ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ፤ የወጣውን ዘይት ክዳኑን አጥብቃችሁ ለሚረከባችሁ ጋራዥ አስረክቡ።