የኦኤኤስ1 ኢንዛይም ሁለት ምንጮችና የሽንፋ ቆላ

ኦኤኤስ1 ሰውነት ከዚህ ቀደም ያላወቀውን ቫይረስ ጭምር ከሚመክቱ ተፈጥሯዊ ተከላካዮች አንዱ ነው። ቫይረስ በህዋስ ውስጥ ሲራባ የሚፈጠረውን ባለ ሁለት ሰንሰለት አርኤንኤ ሲያገኝ፣ ከኤቲፒ አጭር የመልእክት ሞለኪውል ይሠራል። ሞለኪውሉ አርኤንኤዝ ኤል የተባለውን ኢንዛይም ያነሣሣል፤ ይህም የቫይረሱንና የህዋሱን አርኤንኤ ሳይለይ ይቆራርጣል። መከላከሉ ለህዋሱም ዋጋ የሚያስከፍል ነው። ስልቱ ጥንታዊ ነው፤ ባክቴሪያዎችም የሚያጠቋቸውን ቫይረሶች በዚህ ሰፊ ቤተሰብ ኢንዛይሞች ይመክታሉ።

በሰው ልጆች መካከል ያለው ዋና ልዩነት የአንድ ፊደል ነው። በአርኤንኤ መገጣጠሚያው ቦታ ላይ ጂ ሲኖር ፒ46 የተባለው ረጅም ፕሮቲን ይሠራል፤ ኤ ሲኖር ግን ፒ42 የተባለው አጭሩ ያመዝናል። በፒ46 ጅራት ላይ የስብ ተቀጽላ ስለሚተከል ፕሮቲኑ ከህዋስ ውስጣዊ ሽፋኖች ጋር ይጣበቃል። ኮሮና ቫይረስ ተሸሽጎ የሚራባውም በእነዚሁ ሽፋኖች ውስጥ ነው። የፈረስ ኮቴ አፍንጫ ያላቸው የሌሊት ወፎች ይህን ተቀጽላ የሚቀበለውን ጅራት በዝግመተ ለውጥ አጥተዋል፤ የሳርስ መሰል ቫይረሶች መኖሪያ መሆናቸውን ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ትኩረት የሚስብ ነው።

ጂ ጥንታዊው ቅርጽ ነው። በአፍሪካ ሲጠበቅ፣ ከአህጉሩ በወጡት ዘንድ ሊጠፋ ተቃርቦ ከኒያንደርታል ጋር በተደረገ መዳቀል ተመልሷል። ከዚያ ዘመን ብዙም የማይርቅ የሰፈራ ቅሪት በሽንፋ ወንዝ ዳር ተገኝቷል። በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ የሽንፋ-መተማ 1 ነዋሪዎች ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ወቅት፣ በበጋ ከሚቀሩ ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ ነበር። አጥኚዎቹ እንዲህ ያሉ ወንዞች ለፍልሰት መንገድ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይገምታሉ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኮቪድ-19 ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ 20,779 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከጽኑ ሕመም የሚከላከለው የኒያንደርታሉ 75 ሺህ ፊደል ቁራጭ በሙሉ ሳይሆን ይህ አንድ ፊደል ሳይሆን እንደማይቀር አመልክቷል። ማስረጃው ቁራጩን ሳይወርሱ ጂን የያዙ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ለኢትዮጵያ ጥናት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ በአማራ ሕዝብ ዘንድ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ የመጣ ሰፊ ድርሻ መኖሩንና ይህ ድርሻ በጉሙዝ ዘንድ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። በመተማ ቆላ ሁለቱም ሕዝቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ የሚገኝ ጂ ከአፍሪካ ያልወጣው፣ አለዚያም በኒያንደርታል በኩል ዞሮ የተመለሰው ሊሆን ይችላል። ለአውሮፓውያን የተዘጋጀ ጠቋሚ ምልክት የመጀመሪያውን ጨርሶ ያልፈዋል፤ ተሸካሚውንም ያልተጠበቀ አድርጎ ይመዘግባል። በዚህ አካባቢ የሚታቀድ ጥናት መገጣጠሚያውን ፊደል በቀጥታ ማንበብ፣ ዙሪያውን ያለውን ቁራጭም ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል።